ሃይፐር-ቪ ሆስቶች ላይ የኔትወርክ ካርዱን ቪኤምኪው ሴቲንግ በስክሪፕት ማስተካከል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

"ሆስቱ ላይ ፋይል ኮፒ ሳደርግ ይበራል፣ ቪኤሙ ላይ ግን ይንፏቀቃል፣ ምንድነው ችግሩ?" ይሄን ጥያቄ በየጊዜው ትጠይቁኛላችሁ። (ሆስት ማለት ሃይፐር-ቪ የሚባለው የማይክሮሶፍት ቨርቹዋላይዜሽን የሚሰራበት ፊዚካል ሰርቨር ነው፣ ቪኤም ደግሞ በሱ ውስጥ የሚሰራ ቨርቹዋል ማሽን።) አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ቪኤምኪው (ቨርቹዋል ማሽን ኪው) የሚባለው የኔትወርክ ካርድ ሴቲንግ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ "እሺ ስምንት ሆስት አለኝ፣ እያንዳንዱ ላይ አራት ካርድ፣ አንድ በአንድ ልገባ ነው?" ነው። አይ፣ አትግቡ። በስልክ ሲነገር ግማሹ ስለሚረሳ አንዴ በደንብ ጽፌዋለሁ።

ትእዛዞቹን በስልክ እንደምንነጋገረው አነባበባቸውን ነው የጻፍኩት። ትክክለኛ ስፔሊንጋቸውን ለማግኘት ፓወርሼል ላይ ጌት-ኮማንድ ብላችሁ ከጎኑ ኮከብ፣ ቪኤምኪው፣ ኮከብ ጻፉ፤ የቪኤምኪው ትእዛዞች ሁሉ ተዘርዝረው ይመጣሉ፣ የቀረውን የታብ ቁልፍ ይጨርስላችኋል።

መጀመሪያ ቪኤምኪው ምን እንደሚሰራ

መገናኛ ያለ ጎበዝ ተራ አስከባሪ አስቡ። የመጣውን ሰው ሁሉ አንድ ሰልፍ ላይ አያቆምም፣ የሜክሲኮ እዚህ፣ የቦሌ እዚያ፣ የአያት ደግሞ ወዲያ ብሎ ይለያል፣ ለእያንዳንዱ ሰልፍም የራሱ ታክሲ ይመጣለታል። ቪኤምኪው የበራበት ካርድም እንደዛ ነው፤ የሚገባውን ፓኬት መድረሻ ማክ አድራሻ አይቶ ለየቪኤሙ ወረፋ ይለየዋል፣ እያንዳንዱን ወረፋ ደግሞ የተለያየ የሲፒዩ ኮር ያስተናግደዋል። ይሄ ከሌለ የቨርቹዋል ስዊቹ፣ ማለትም ሆስቱ ውስጥ ቪኤሞቹን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው የሶፍትዌር ስዊች፣ ገቢ ትራፊክ አንድ ኮር ላይ ይከመራል። 10 ጊጋ ካርድ ላይ ያ አንድ ኮር 100 ፐርሰንት ይሞላና ሌሎቹ ኮሮች ስራ ፈተው ቁጭ ብለው ካርዱ አቅሙ ላይ ሳይደርስ ይቀራል።

1 ጊጋ ካርድ ላይ ግን አንድ ኮር ከበቂ በላይ ስለሆነ ቪኤምኪው የሚጨምረው ነገር የለም፣ ጭራሽ ችግር የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ማይክሮሶፍት ራሱ በድጋፍ ሰነዱ ያስቀመጠው የታወቀ ጉዳይ አለ፦ የብሮድኮም ኔትኤክስትሪም 1 ጊጋ ካርዶች፣ 5719 እና 5720ን ጨምሮ፣ ድራይቨራቸው ከ16.8 በታች ሆኖ ቪኤምኪው ከበራ የቪኤሞቹ ኔትወርክ ይንቀራፈፋል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። እነዚህ ቺፖች በሰርቨር አምራቾች ስምና ሞዴል ቁጥርም ስለሚሸጡ "የኔ ካርድ ብሮድኮም አይደለም" ከማለታችሁ በፊት ዲቫይስ ማኔጀር ላይ የድራይቨር ፋይሉን እዩ።

ስለዚህ ስክሪፕቱ የሚያስፈጽመው ህግ ይሄ ነው፦ ከ10 ጊጋ በታች ይጥፋ፣ 10 ጊጋና ከዚያ በላይ ይብራ፣ ሲበራ ደግሞ ኮሮቹ በካርዶቹ መካከል ይከፋፈሉ። "ቪኤምኪው አጥፋ" የሚለውን ብቻ ሰምተው 10 ጊጋውንም ያጠፉ ብዙ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ውድ ካርድ ገዝቶ በአንድ ኮር ማስኬድ በጣም ያሳዝናል።

ለምን በእጅ አይሆንም

አንድ ቢሮ ውስጥ ሶስት ሆስት ያለው ክላስተር (አብረው እንደ አንድ የሚሰሩ ሆስቶች) ነበር፣ ሁለቱ ላይ ቪኤምኪው በእጅ ጠፍቷል፣ ሶስተኛው ተረስቷል። ቪኤሞቹ በላይቭ ማይግሬሽን፣ ማለትም ሳይጠፉ፣ ከሆስት ሆስት ስለሚዘዋወሩ ዛሬ ፈጣን የነበረው ሰርቨር ነገ ይንቀራፈፋል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ይስተካከላል፣ ሰዎቹ ስዊቹን ቀየሩ፣ ኬብሉን ቀየሩ፣ ለሳምንታት ተንከራተቱ። ሆስቶች አንድ አይነት ካልሆኑ ችግሩ ሁልጊዜ "አንዳንዴ" የሚመጣ ይሆናል፣ እንደዚህ አይነቱን መያዝ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል።

የሚያስፈልጓችሁ

- ዊንዶውስ ሰርቨር 2016፣ 2019 ወይም 2022 ላይ ያሉ የሃይፐር-ቪ ሆስቶች
- ስክሪፕቱን የምታስኬዱበት ሌላ ማሽን፣ ፓወርሼል 5.1 ይበቃል
- ሁሉም ሆስቶች ላይ አድሚን የሆነ የዶሜይን አካውንት
- ወደ ሆስቶቹ በዊንአርኤም (የዊንዶውስ የርቀት ማስተዳደሪያ) መግባት፣ ፖርት 5985 ክፍት መሆን አለበት
- የሆስቶቹ ስም በየመስመሩ አንድ አንድ የተጻፈበት ቴክስት ፋይል
- ኔትወርኩ ቢቆረጥ የምትገቡበት የአይሎ ወይም የአይድራክ (የሰርቨሩ የራሱ የርቀት መቆጣጠሪያ) ፓስወርድ። ይሄን ስራውን ሳትጀምሩ ገብታችሁ ሞክሩት፣ ፓስወርዱ የጠፋ መሆኑን ኔትወርኩ ከተቆረጠ በኋላ ማወቅ ምን ዋጋ አለው
- የተፈቀደ የጥገና ሰዓት፣ ማታ ወይም እሁድ

ማስጠንቀቂያ፦ ቪኤምኪውን ማብራት፣ ማጥፋት፣ ኮሩን መቀየር፣ ሁሉም ካርዱን ለትንሽ ሰከንዶች ሪስታርት ያደርገዋል። በዛ ካርድ ላይ ያሉ ቪኤሞች በሙሉ ለዛን ያህል ይቆረጣሉ። በስራ ሰዓት አትሞክሩት፣ "ሁለት ሰከንድ ናት" ብላችሁም ቢሆን፤ በዛች መሃል የዳታቤዝ ኮኔክሽን ሊበጠስ ይችላል።

1. መጀመሪያ ችግሩ እሱ መሆኑን አረጋግጡ

አንድ ትልቅ ፋይል፣ 5 ጊጋባይት ምናምን፣ ከሌላ ማሽን ወደ ሆስቱ ኮፒ አድርጉና ፍጥነቱን ጻፉ። ያንኑ ፋይል እዛው ሆስት ላይ ወዳለ ቪኤም ኮፒ አድርጉ። ሁለቱም ቀርፋፋ ከሆኑ ኬብል፣ ስዊች ወይም ዲስክ እዩ፣ ቪኤምኪው አይደለም። ሆስቱ ፈጣን ቪኤሙ ቀርፋፋ ከሆነ ግን እዚህ ነን። ሌላ ምልክትም አለው፦ ቪኤሙን ወደ ሌላ ሆስት ስትወስዱት ይሻለዋል፣ ከዛ ቆይቶ ተመልሶ ያው ይሆናል። 10 ጊጋ ላይ ደግሞ ሆስቱ ላይ ታስክ ማኔጀር ከፍታችሁ ሲፒዩውን በሎጂካል ፕሮሰሰር እንዲያሳይ አድርጉት፤ አንዷ ሳጥን ብቻ ሞልታ ሌሎቹ ባዶ ከሆኑ ትራፊኩ አልተከፋፈለም ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ሳትጽፉ ከጀመራችሁ በመጨረሻ ተሻሻለ አልተሻሻለም የምትሉበት ነገር አይኖራችሁም።

2. ያለውን ሁሉ መዝግቡ

ይሄ ደረጃ ምንም አይቀይርም፣ ስለዚህ በቀንም መስራት ትችላላችሁ። ኢንቮክ-ኮማንድን በሆስቶቹ ዝርዝር ላይ ታስኬዱና ውስጡ እነዚህን ትጠይቃላችሁ፦

ጌት-ኔትአዳፕተር -ፊዚካል፣ ከሱ ስሙን፣ ኢንተርፌስ ዲስክሪፕሽኑን፣ ስታተሱን፣ ስፒዱን እና የድራይቨር ቨርዥኑን ውሰዱ
ጌት-ኔትአዳፕተርቪኤምኪው፣ ከሱ ኢኔብልድ መሆኑን፣ ቤዝ ፕሮሰሰር ነምበሩን፣ ማክስ ፕሮሰሰር ነምበሩን እና ማክስ ፕሮሰሰርሱን
ጌት-ቪኤምስዊች፣ የትኛው ካርድ የትኛው ቨርቹዋል ስዊች ላይ እንዳለ

ውጤቱን በኤክስፖርት-ሲኤስቪ ቀኑን በስሙ ላይ ጨምራችሁ አስቀምጡት። ይሄ ፋይል መመለሻችሁ ነው፤ የሆነ ነገር ቢበላሽ "ቀድሞ ምን ነበር?" የሚለውን የሚመልስላችሁ እሱ ብቻ ነው። ፋይሉን ደግሞ ስክሪፕቱን በምታስኬዱበት ማሽን ላይ ጻፉ። ከሆስቱ ውስጥ ሆኖ ወደ ሼር ፎልደር እንዲጽፍ ካደረጋችሁት አክሰስ ዲናይድ ይላችኋል፣ ምክንያቱም ሪሞት ሴሽኑ የእናንተን አካውንት ይዞ ወደ ሶስተኛ ማሽን መሻገር አይችልም።

3. ድራይቨሩን አስቀድሙ

የካርዱን ድራይቨር ከሰርቨሩ አምራች ድረገጽ አውርዳችሁ አዘምኑ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ድራይቨር ሲቀየር የካርዱ አድቫንስድ ሴቲንግ ወደ ነባሪው ሊመለስ ይችላል፣ ቀድማችሁ ያስተካከላችሁት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

4. ኮሮቹን አከፋፍሉ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሶስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ኮር 0ን ለቀቅ አድርጉ፣ ሲስተሙ ራሱ ብዙ ስራ እሱ ላይ ስለሚጥል ይጨናነቃል። ሁለተኛ፣ ሃይፐርትሬዲንግ (አንዱን ፊዚካል ኮር እንደ ሁለት ሎጂካል የሚያሳየው) ከበራ ቪኤምኪው ከእያንዳንዱ ፊዚካል ኮር የመጀመሪያውን ሎጂካል ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ ስለዚህ ቁጥሮቹ 0፣ 2፣ 4፣ 6 እያሉ ሙሉ ናቸው፣ ጎዶሎ ቁጥር አትስጡት። ሶስተኛ፣ ካርዶቹ በቲም ከተያያዙ፣ ማለትም እንደ አንድ ካርድ አብረው እንዲሰሩ ከተደረጉ፣ የቲሙ አይነት ይወስናል። ስዊች ኢንዲፔንደንት ሆኖ ሎድ ባላንሲንጉ ሃይፐር-ቪ ፖርት ወይም ዳይናሚክ ከሆነ፣ ኤስኢቲ የሚባለው አዲሱ ቲሚንግም ሁልጊዜ እዚህ ውስጥ ነው፣ የካርዶቹ ወረፋ ይደመራል፣ ስለዚህ ኮሮቻቸው መደራረብ የለባቸውም። ኤልቢኤፍኦ በሚባለው የድሮው ቲሚንግ ላይ አይነቱ ላክፕ ወይም ስታቲክ ከሆነ ግን በተቃራኒው ሁሉም ካርድ አንድ አይነት ኮሮች ነው የሚሰጠው።

ምሳሌ፦ አንድ ሶኬት (አንድ ሲፒዩ)፣ 8 ኮር፣ ሃይፐርትሬዲንግ በርቶ 16 ሎጂካል፣ ሁለት 10 ጊጋ ካርድ በኤስኢቲ። የመጀመሪያው ካርድ ቤዝ (መነሻ ኮሩ) 2፣ ማክስ ነምበር (መጨረሻ ኮሩ) 6፣ ማለትም 2፣ 4 እና 6ን ይይዛል፣ ሶስት ኮር። ሁለተኛው ቤዝ 8፣ ማክስ ነምበር 14፣ ማለትም 8፣ 10፣ 12 እና 14፣ አራት ኮር።

ሁለት ሶኬት ባለ 8 ኮር ከሆነ፣ 32 ሎጂካል ማለት ነው፣ የመጀመሪያውን ካርድ ከ2 እስከ 14፣ ሁለተኛውን ከ16 እስከ 30። እንደዚህ ሲሆን እያንዳንዱ ካርድ በአንድ ሶኬት ውስጥ ይቀራል፣ ዳታው ከሶኬት ሶኬት እየተሻገረ ጊዜ አያባክንም። ካርዱ በአካል የትኛው ሶኬት ጋ እንደተሰካ የጌት-ኔትአዳፕተርሃርድዌርኢንፎ ውጤት ላይ ኑማ ኖድ የሚለው ይነግራችኋል፤ 16–30ን ሶኬት 1 ጋ ላለው ካርድ ስጡት።

ሎጂካል ፕሮሰሰሩ ከ64 በላይ የሆነ ሆስት ካላችሁ ፕሮሰሰር ግሩፕ የሚባል ነገር ስለሚገባበት ስክሪፕቱ እንዲዘለው አድርጉና ለብቻው እዩት። 2019 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ ደግሞ ዳይናሚክ ቪኤምኤምኪው ስላለ፣ ካርዱና ድራይቨሩ ከደገፉት፣ ሲስተሙ እንደ ጭነቱ ኮር ይጨምራል ይቀንሳል፤ 10 ጊጋው ደህና እየሰራ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትነካኩት።

5. ስክሪፕቱን ጻፉ

ውስጡ የሚሆነው በቅደም ተከተል ይሄ ነው፦

ሀ. ጌት-ቪኤምስዊች ብሎ ቨርቹዋል ስዊች ላይ ያሉትን ካርዶች ብቻ ይይዛል። ለስቶሬጅ ብቻ የተመደቡ የአይስካዚ ካርዶች ካሉ ሳያስፈልግ ሪስታርት እንዳይሆኑ፤ ስቶሬጅ ሲቆረጥ ቪኤሙ ዲስኩን ነው የሚያጣው።

ለ. ስታተሳቸው አፕ ያልሆኑትን ይዘላል። ይሄን እንዳትረሱ፣ ኬብሉ የተነቀለ 10 ጊጋ ካርድ ስፒዱ 10 ጊጋ ሆኖ አይታይም፣ ስክሪፕቱ "ከ10 በታች ነው" ብሎ ያጠፋዋል፣ ከዛ ኬብሉ ሲሰካ ቪኤምኪው ጠፍቶ ይጠብቃችኋል።

ሐ. ስፒዱን ከ10000000000 ጋር ያወዳድራል። ቁጥሩን እንዳለ ጻፉት፣ አንድና አስር ዜሮ። ፓወርሼል ላይ 10ጂቢ ብላችሁ ካሳጠራችሁት 10737418240 አድርጎ ነው የሚቆጥረው፣ ያኔ ደህናው 10 ጊጋ ካርድ "ከ10 በታች" ይሆንና ይጠፋባችኋል። ይሄ ስህተት ምንም ኤረር አያሳይም፣ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ይቀመጣል።

መ. ከ10 በታች ከሆነና ቪኤምኪው በርቶ ካገኘው፦ ዲሴብል-ኔትአዳፕተርቪኤምኪው -ኔም እና የካርዱ ስም። ቀድሞ ጠፍቶ ከሆነ ምንም አይንካ! ለምን ብትሉ ሳያስፈልግ የተሰጠ ትእዛዝ ካርዱን በባዶ ሪስታርት ሊያደርገው ይችላል። ስክሪፕቱ አስር ጊዜ ቢሄድም አንዴ የተስተካከለውን መንካት የለበትም።

ሠ. 10ና ከዚያ በላይ ከሆነና ቁጥሮቹ ካሰላችሁት የተለዩ ከሆነ፦ ሴት-ኔትአዳፕተርቪኤምኪው ብሎ -ኢኔብልድ፣ -ቤዝፕሮሰሰርነምበር፣ -ማክስፕሮሰሰርነምበር እና -ማክስፕሮሰሰርስን (የኮሮቹን ብዛት) በአንድ ትእዛዝ አብሮ ይሰጣል። አራቱን ለየብቻ ከሰጣችሁ ካርዱ አራት ጊዜ ይቆረጣል።

ረ. ያደረገውን ሁሉ፣ የሆስቱን ስም፣ ካርዱን፣ የበፊቱን እና የአሁኑን፣ ሎግ ላይ ይጽፋል።

አናቱ ላይ ኤረር አክሽን ፕሪፈረንስን ስቶፕ አድርጉት። ካልሆነ አንዱ መስመር ሲወድቅ ፓወርሼል ቀይ ጽሁፍ አሳይቶ ዝም ብሎ ይቀጥላል፣ ግማሹ የተስተካከለ ሆስት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

6. በዋትኢፍ ሞክሩ

ትእዛዞቹ መጨረሻ ላይ -ዋትኢፍ ጨምራችሁ አስኪዱት። ምን ሊያደርግ እንደነበር ይነግራችኋል እንጂ አያደርገውም። ዝርዝሩን በደረጃ 2 ካስቀመጣችሁት ሲኤስቪ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ። አንድ የማትጠብቁት ካርድ ዝርዝሩ ላይ ካያችሁ ቁሙ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው፣ 10 ጊጋ መሆን ያለበት ካርድ በመጥፎ ኬብል ምክንያት 1 ጊጋ ላይ ወርዶ መገኘቱ ነው፤ እሱን ኬብሉን ቀይሩለት እንጂ ቪኤምኪውን አታጥፉበት።

7. አንድ ሆስት ላይ ብቻ

ክላስተር ከሆነ መጀመሪያ ሰስፔንድ-ክላስተርኖድ -ድሬን ብላችሁ ቪኤሞቹን ወደ ሌሎቹ አሻግሩ። ከዛ በፊት ግን ሌሎቹ ሆስቶች በቂ ራም እንዳላቸው እዩ፣ አለበለዚያ ድሬኑ መሃል ላይ ይቆማል። ስክሪፕቱን በሱ ብቻ አስኪዱ። ሴሽናችሁ ትንሽ ሊንጠለጠል ይችላል፣ በዛው ካርድ በኩል ገብታችሁ ከሆነ። አትደንግጡ፣ መስኮቱንም አትዝጉ፣ ፓወርሼል እስከ አራት ደቂቃ ድረስ ራሱ መልሶ ለመገናኘት ይሞክራል። ካልመጣ ያን ጊዜ በአይሎ ግቡ።

ክላስተር ከሌላችሁ ቪኤሞቹን አጥፍቶ መስራት ነው የሚሻለው።

8. አረጋግጡ

ጌት-ኔትአዳፕተርቪኤምኪው ያስገባችሁትን ማሳየት አለበት። ቀጥሎ ሪዙም-ክላስተርኖድ -ፌልባክ ኢሚዲየት ብላችሁ ቪኤሞቹን መልሱና ጌት-ኔትአዳፕተርቪኤምኪውኪው በሉ፤ 10 ጊጋ ካርዶቹ ላይ እያንዳንዱ ቪኤም ወረፋ አግኝቶ፣ ወረፋዎቹም የተለያየ ፕሮሰሰር ላይ ተበትነው ማየት አለባችሁ። ኢቨንት ቪወር ላይ ሲስተም ሎግ ውስጥ ከሃይፐር-ቪ-ቪኤምስዊች የመጣ ኢቨንት 106 ካለ የኮሮቹን አከፋፈል ተሳስታችኋል፣ ወይ መደራረብ የሌለባቸው ተደራርበዋል ወይ አንድ መሆን ያለባቸው ተለያይተዋል፣ ምክንያቱን እዛው ጽፎታል። በመጨረሻ የደረጃ 1ን ፋይል እንደገና ኮፒ አድርጉና ቁጥሩን ከበፊቱ ጋር እዩ።

ይሄን ሆስት ቢያንስ አንድ ሙሉ የስራ ቀን ተዉት። የሌሊት ባካፕም ይለፍበት፣ ትልቁ ትራፊክ እሱ ነው።

9. ወደ ሌሎቹ

አሁን ሉፕ ውስጥ አስገቡት፦ ድሬን፣ ማስተካከል፣ ማረጋገጥ፣ መመለስ፣ ቀጣይ። በትይዩ አታስኪዱት፤ ኢንቮክ-ኮማንድ ብዙ ሆስት ከሰጣችሁት ሁሉንም ባንዴ ነው የሚነካው፣ ሁሉም ሆስት በአንድ ሰከንድ ሲቆረጥ ደግሞ ክላስተሩ ራሱ ሊወድቅ ይችላል። ለማንበብ በትይዩ፣ ለመቀየር በተራ። አንዱ ላይ ማረጋገጫው ካላለፈ ሉፑ እዛው ይቁም።

10. በየሳምንቱ የሚያይ ስራ አስቀምጡ

ታስክ ስኬጁለር ላይ የደረጃ 2ን ስክሪፕት በሳምንት አንዴ አስኪዱና ከህጉ የወጣ ካርድ ካለ ኢሜይል ይላክላችሁ። ይሄ ማየት ብቻ ነው፣ እንዲያስተካክል አታድርጉት፣ ካርድን ያለ ሰው ሪስታርት የሚያደርግ ታስክ መተው ጥሩ አይደለም። ድራይቨር ሲታደስ፣ ካርድ ተበላሽቶ ሲቀየር፣ አዲስ ሆስት ሲገባ ሴቲንጉ ይቀየራል፣ ያኔ በተጠቃሚ ስልክ ሳይሆን በኢሜይሉ ታውቁታላችሁ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ቪኢተርኔት በሚለው ቨርቹዋል ካርድ ላይ ወይም በቲሙ ስም ላይ መስራት። ሴቲንጉ የሚቀየረው ፊዚካል ካርዶቹ ላይ ነው፣ ቲም ከሆነ እያንዳንዱ አባል ላይ።
- ስክሪፕቱን በካርድ ስም መጻፍ። አንዱ ሆስት ላይ ኢተርኔት 3 የሆነው ሌላው ላይ ኢተርኔት 5 ነው። በስፒድና በኢንተርፌስ ዲስክሪፕሽን ምረጡ።
- ቪኤሙ ላይ ብቻ ቪኤምኪው ዌይትን (ቪኤሙ ወረፋ ይሰጠው አይሰጠው የሚወስነውን ቁጥር) 0 አድርጎ ጨረስኩ ማለት። የሚሰራው ለዛች ቪኤም ብቻ ነው፣ ነገ አዲስ ቪኤም ስትፈጥሩ በነባሪው 100 ሆኖ ይመጣል።
- ከኤስአር-አይኦቪ ጋር ማምታታት። እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ቪኤሙ ቨርቹዋል ስዊቹን አልፎ ካርዱን በቀጥታ የሚጠቀምበት፤ ቨርቹዋል ስዊቹ ሲፈጠር ካልበራ በኋላ ሊበራ አይችልም፣ ስዊቹን አፍርሶ መስራት ይጠይቃል።

መመለስ ካስፈለጋችሁ የደረጃ 2ን ሲኤስቪ በኢምፖርት-ሲኤስቪ አንብባችሁ፣ በየመስመሩ የነበረውን ኢኔብልድ፣ ቤዝ እና ማክስ በሴት-ኔትአዳፕተርቪኤምኪው መልሳችሁ ስጡት። እሱንም በአንድ ሆስት ጀምሩ።